ካልሲየም፣ ወክ ወይስ ቁጭ ብድግ? አጥንትና ጡንቻ አብረው ሲደክሙ ለወላጆቻችን የቱ ይቅደም

ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ካልሲየም አይጠፋም። ለእናት ካልሲየም፣ ለአባት ቫይታሚን ዲ፣ ለአክስት የመገጣጠሚያ ክኒን። ከፍቅር የመጣ ነገር ነው። ግን እናታችሁ ከበርጩማ የሚነሱት ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ አንዴ ወደ ፊት ተወዛውዘው፣ "በስመአብ" ብለው ከሆነ ያ ክኒን ብቻውን ብዙ አያግዛቸውም። የደከመው አጥንታቸው ብቻ አይደለማ።

ሐኪሞች ኦስቲዮሳርኮፔኒያ ይሉታል፤ የአጥንት መሳሳትና የጡንቻ መመናመን ባንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማለት ነው። የሚገናኙትም ያለ ምክንያት አይደለም። አጥንት ጥንካሬውን የሚጠብቀው ጡንቻ ሲጎትተውና ክብደት ሲያርፍበት ነው፤ ጡንቻው ሲመነምን አጥንቱ "ጠንክር" የሚለውን ትእዛዝ ያጣል። ሁለቱን አብረው የሚጎዱ ነገሮችም አሉ፦ መቀመጥ ማብዛት፣ የፕሮቲን ማነስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ የሆርሞን መቀነስ፣ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት መውሰድ። ከ50 ዓመት በኋላ ጡንቻ በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ጉልበት ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ ይወርዳል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት የሚሳሳባቸው ናቸው። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደካማ እግር ይጥላል፣ የሳሳ አጥንት ይሰበራል፣ የተሰበረው ሰው ይተኛል፣ የተኛ ሰው ጡንቻ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ምርጫዎቹን ሳወዳድር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ነገር ሁለቱንም ይነካል ወይስ አንዱን ብቻ? ገንዘብም ጊዜም ውስን ስለሆነ ሁለቱን የሚነካው ይቀድማል። አንድ ሁኔታ ብቻ ይህን ቅደም ተከተል ይቀይረዋል፣ እሱም ከዚህ በፊት የደረሰ ስብራት ነው።

መጀመሪያ መለካት፦ ቤት ውስጥ ወይስ በማሽን?

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባል ራጅ ነው። ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው፣ አያምም። አጥንቱን ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር የሚያወዳድረው ቁጥር፣ ቲ-ስኮሩ፣ ከ-2.5 ጀምሮ ወደ ታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ይባላል። ችግሩ ማሽኑ በየከተማው የሚገኝ አይደለም። ብዙ ሰው በሁለት ነገር ይታለላል። አንደኛው ተራ ራጅ ነው፤ ብዙ አጥንት ካላለቀ በስተቀር መሳሳቱ በተራ ራጅ አይታይም። ሁለተኛው የደም ካልሲየም ነው። ሰውነት የደሙን ካልሲየም ልክ ለመጠበቅ ከአጥንት እየቀነሰ ይሰጣል፣ ስለዚህ ደሙ ላይ ጤነኛ ቁጥር እየታየ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። "ካልሲየሜ ኖርማል ነው ተባልኩ" የሚል እናት ካላችሁ አጥንታቸው ተለካ ማለት አይደለም።

ጡንቻን ለማየት ግን ወንበርና ስልክ ይበቃል። እጀታ የሌለው ወንበር ግድግዳ ላይ አስጠጉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ ሰዓት ያዙ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ወይም ያለ እጅ መነሳት ካልቻሉ የጡንቻ ድካም ምልክት ነው፤ የአውሮፓ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መመሪያ የተቀመጠ መለኪያ ነው። ሌላ ደግሞ 4 ሜትር ለክታችሁ በተለመደው አረማመዳቸው እንዲሄዱ አድርጉ። 5 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደ አረማመዳቸው ዘገምተኛ ነው። ቁመትም ጠይቁ። ከወጣትነታቸው 4 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካጠሩ የጀርባ አጥንታቸው ሳያውቁት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

የኔ ምርጫ? የቤቱን ፈተና ዛሬ አድርጉት። ዴክሳው ደግሞ ከ65 በላይ ለሆኑ ሴቶች፣ በቀላል መውደቅ አጥንት ለተሰበረባቸው፣ ፕሬድኒሶሎን ለወራት ለወሰዱና ቴኖፎቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ አረጋውያን ከተገኘ ወጪው ይገባዋል።

ወክ ወይስ ጉልበት የሚጠይቅ ስፖርት?

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ትልቁ ልዩነት የሚመጣው እዚህ ነው።

ወክ ማድረግ ለልብ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለመንፈስም ጥሩ ነው፣ ማንም እንዲያቆም አልመክርም። ግን ወክ ብቻውን ጡንቻን አያሳድግም፣ አጥንትንም እምብዛም አያጠነክርም። ሰውነት ዕድሜ ልኩን የለመደው ጭነት ስለሆነ አዲስ ነገር እንዲሠራ አያስገድደውም። አባታችሁ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት እየሄዱ ከሶፋ መነሳት ካቃታቸው የጎደላቸው ሌላ ሰዓት ወክ አይደለም። ጭነት ነው።

ጭነት ስል ጡንቻው "ከዚህ በላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የምችለው" እስኪል የሚያሠራ ነገር ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። በአማካይ 87 ዓመት የሆናቸው፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ 100 ደካማ ሰዎች ተከፋፍለው አንዳንዶቹ የእግር ክብደት ስፖርት ሠሩ፣ አንዳንዶቹ ተጨማሪ ምግብ ወሰዱ፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም፣ አንዳንዶቹ አንዱንም አላደረጉም። በ10 ሳምንት ውስጥ ስፖርት የሠሩት የጡንቻ ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ስፖርት ሳይሠሩ ምግቡን ብቻ የወሰዱት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። "እኔ አርጅቻለሁ ልጄ፣ ከእንግዲህ ምን ጉልበት" ሲሏችሁ ይሄን ንገሯቸው። 87 ዓመት!

አጥንቱስ? አውስትራሊያ ውስጥ ከ58 ዓመት በላይ ሆነው አጥንታቸው የሳሳ 101 ሴቶች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። በሳምንት 2 ቀን፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ፣ ከባድ ክብደት አነሱ፣ ከከፍታ ዘለው መሬቱን ረገጥ የሚያደርጉበት ልምምድም ሠሩ፤ በ8 ወር ውስጥ የወገባቸው አጥንት ጥግግት 3 በመቶ ገደማ ሲጨምር ቀለል ያለ የቤት ስፖርት የሠሩት ላይ በትንሹ ቀነሰ። ግን ልብ በሉ፣ ክብደት ያነሱትን ያሠራቸው አጠገባቸው የቆመ ባለሙያ ነው። ይህን ቪዲዮ አይታችሁ እናታችሁ ላይ ሳሎን ውስጥ አትሞክሩት።

ታዲያ ጂም፣ ፊዚዮቴራፒ ወይስ ቤት? ስብራት የደረሰባቸው፣ ጀርባቸው የጎበጠ ወይም ባለፈው ዓመት ደጋግመው የወደቁ ከሆነ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ይሂዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንኳ ታይተው የሚሠሩትን ተምረው ቢመለሱ ትልቅ ነገር ነው። ሌሎቹ ቤት መጀመር ይችላሉ፣ ዕቃውም አይከብድም። ቁጭ ብድግ ከወንበር፦ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አረፍ እያሉ 3 ዙር። መጀመሪያ በእጅ ተደግፈው ቢሆንም ይሁን። ከዚያ ያለ እጅ። ከዚያ በየእጃቸው ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይዘው፤ አንዱ 1 ኪሎ ነው። ሲቀላቸው ባለ 2 ሊትሩ። በተጨማሪ ግድግዳ መግፋት፣ የወጥ ቤት ጠርዝ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ የስፖርት ላስቲክ በር ላይ አስሮ ወደ ደረት መሳብ። ዋናው ነገር መጨመሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያው ሃይላንድ ከሆነ ጡንቻው ከለመደው በኋላ ይቆማል። ደረት ላይ ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ መቆራረጥ ወይም ማዞር ከመጣ ቆሞ ሐኪም ማየት ነው።

ስለ ስግደት ልጨምር፣ ብዙ እናቶች ስለሚጠይቁ። መስገድ ለእግር ብርቱ ሥራ ነው፣ መነሳቱ ራሱ ቁጭ ብድግ ነው። ነገር ግን የጀርባ አጥንቱ የሳሳ ሰው ወገቡን አጉብጦ ደጋግሞ ወደ ፊት ሲታጠፍ አከርካሪው ላይ ጫናው ይበረታል፣ ስብራትም ሊያመጣ ይችላል። የጀርባ ስብራት ያለባቸው እናት የዐቢይ ጾም ስግደት ከመድረሱ በፊት ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ፣ ቆመው ከዳሌ ዝቅ በማለት መስገድ ይቻላል። ሙስሊም አረጋውያንም ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ እንደሚፈቀድላቸው ያውቁታል። ልብስ ማጠብና ከመሬት ጀሪካን ማንሳትም ላይ ያው ነው፦ ጉልበት ይታጠፍ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል።

ምግብ ወይስ የፕሮቲን ዱቄት?

ስፖርት ያለ ፕሮቲን ቤት ያለ ጡብ እንደመሥራት ነው። የአረጋውያን ሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚመክሩት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ነው፣ ለታመሙት እስከ 1.5። 60 ኪሎ ለሆኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። ባንድ ማዕድ ከ25 እስከ 30 ግራም ቢደርስ ደግሞ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ያረጀ ጡንቻ በትንሽ ፕሮቲን አይነቃቃም። የብዙ አረጋውያን ቁርስ ሻይና ዳቦ ስለሆነ ክፍተቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ ነው። 2 እንቁላልና አንድ ብርጭቆ የተፈላ ወተት ወደ 20 ግራም ይሰጣል፣ ዳቦው ሲጨመር ይሞላል። 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ከ25 ግራም በላይ አለው። ሥጋው ለጥርስ ካስቸገረ ይከተፍ፣ ይፈጭ። ዓሣም ለስላሳ ነው።

ጾምስ? የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከግማሽ የማያንስ ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይታቀባል፣ አረጋውያን ደግሞ በጾም ከሁላችንም ይበረታሉ። በጾም ፕሮቲን አይገኝም የሚለው ትክክል አይደለም፣ ነገር ግን መጠኑ ይታሰብበት። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው። ሽሮው ወፍራም ይሁን፣ ወጡ ከእንጀራው ይብለጥ። ለውዝ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር ያለበት ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት ይጨመር። ከባዱ እስከ ከሰዓት መቆየቱ ነው፤ ማዕዱ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሲያንስ ያን ያህል ግራም መሙላት ያስቸግራል። ከስብራት የሚያገግም ወይም ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ሰው ለነፍስ አባቱ ይንገር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፣ ይህን ማስታወስ ያለብን እኛ ልጆች ነን።

ዱቄቱ ጥቅም የለውም አልልም። አንድ የመለኪያ ማንኪያው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ስላለው ምግብ ለማይበላላቸው፣ ከሆስፒታል ለወጡ፣ ማኘክ ለሚያቅታቸው ጥሩ ማገዣ ነው። ከወተት የሚሠራው ጾም አይሆንም፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የሚሠራውን ምረጡ። በደንብ ለሚበሉ ግን ያንን ብር እንቁላልና ምስር ላይ አውሉት። ኩላሊታቸው የተጎዳ ከሆነ ምግቡም ዱቄቱም ከመጨመሩ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፦ ምግብ፣ ክኒን ወይስ መርፌ?

ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። ከምግብ ቢሆን ይሻላል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ያህል አለው፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ሰሊጥና ከነአጥንቱ የሚበላ ሳርዲንም ይጨምራሉ። ቆስጣ ላይ ግን አትቁጠሩ፣ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ይይዘዋል። ክኒኑ የጎደለውን መሙያ ነው፤ ባንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም ባይበልጥ፣ ካርቦኔት የተባለው ዓይነት ደግሞ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ጥሩ ነው። ምግቡ ላይ ካልሲየም እያለ ሁለት ሦስት ክኒን መደራረብ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል።

ቫይታሚን ዲ በፀሐይ አገር አይጎድልም የሚባለው ያዘናጋል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ፣ ተሸፋፍነው የሚወጡ አረጋውያን ይጎድላቸዋል። ያረጀ ቆዳም በዚያው ፀሐይ የሚሠራው ያነሰ ነው። ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ ልጃቸው ጋ ለሄዱ እናት ደግሞ የክረምቱ ፀሐይ ምንም አይሰጥም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። በቀን 800 ዩኒት አካባቢ ለብዙዎቹ ይበቃል። እኔ የምፈራው "ባንድ መርፌ ለዓመት ይበቃሻል" የሚባለውን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,256 ሴቶች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት በአፍ የወሰዱት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ወድቀዋል፣ ብዙም ተሰብረዋል። ስለዚህ ትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ። ጉድለት የሌለበት ሰው ቫይታሚን ዲ ስለጨመረም ጡንቻው አይጠነክርም።

መድኃኒት፦ የሳምንት ክኒን፣ የዓመት ግሉኮስ ወይስ የ6 ወር መርፌ?

ለጡንቻ መመናመን ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ ለአጥንት ናቸው፣ ቁጭ ብድግን አይተኩም። ስብራት ከደረሰ ግን "መጀመሪያ በስፖርት እንሞክር" ብሎ መድኃኒቱን ማዘግየት ልክ አይደለም። አንድ ስብራት የሚቀጥለውን ይጠራል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት።

አሌንድሮኔት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ 70 ሚሊ ግራም ክኒን ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል፣ ቢቋረጥም ጉዳቱ ወዲያው አይመጣም። አወሳሰዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይበሉና ሳይተኙ። በሻይ ወይም በቡና ከተዋጠ ባከነ። ጉሮሮ ላይ ከተቀመጠ ያቆስላል፣ ስለዚህ መዋጥ ለሚያቅታቸውና ቃር ለሚያሠቃያቸው አይመከርም። ቀኑን ደግሞ አስቡበት፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ እሑድ ለሚቆርቡ ውሃም አይነካም፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይመቻል።

ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊ ግራም በዓመት አንዴ በደም ሥር በግሉኮስ መልክ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ትልቁ ጥናት በ3 ዓመት ውስጥ የዳሌ ስብራትን በ41 በመቶ፣ የጀርባ ስብራትን በ70 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ክኒን ለሚረሱና ጨጓራቸው ለማይችል እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ከመጀመሪያው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጉንፋን የመሰለ ትኩሳትና ቁርጥማት ሊመጣ ይችላል፣ ያልፋል። ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊትና ቫይታሚን ዲ ይታያሉ፣ የሚነቀል ጥርስ ካለም ቀድሞ ይነቀል።

ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው፣ በደንብ ይሠራል፣ ኩላሊታቸው ለደከመም በሐኪም ክትትል ሊሰጥ ይችላል። እዚህ ላይ ግን እባካችሁ አንብቡኝ። ይህ መርፌ ቀኑ ካለፈና በሌላ መድኃኒት ካልተተካ ያተረፈው አጥንት በፍጥነት ይሄዳል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ የጀርባ አጥንት የተሰበረባቸው ሰዎች አሉ። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ከውጭ በሰው እየተላከ የሚወጋ ከሆነ፣ "ዘንድሮ የሚመጣ ሰው ጠፋ" ማለት አደጋ ነው። ለዓመታት ያለማቋረጥ እንደሚገኝ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጀምሩት። የጀመሩ ካሉም ያለ ሐኪም አይቁም።

ለማን የቱ?

68 ዓመት፣ ስብራት የሌለ፣ 5ቱን ቁጭ ብድግ በ12 ሰከንድ የሚጨርሱ፦ ቁጭ ብድግ፣ የቁርስ ፕሮቲን፣ ዴክሳ ከተገኘ። ክኒን አያስፈልጋቸው ይሆናል።

ያለ እጅ መነሳት ያቃታቸው፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት የሚኖሩና መውጣት ያቆሙ፦ እነዚህ ናቸው ቶሎ የሚያልቁት። ፊዚዮቴራፒስት ቤት ቢመጣ፣ ካልሆነ ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ያሠራቸው። የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ባንድ ፌስታል ተደርጎ ለሐኪም ይታይ፣ የእንቅልፍ ክኒንና ሲነሱ የሚያዞር የግፊት መድኃኒት ብዙ ሰው ይጥላሉና። የዓይን ሞራ ይታይ። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ሌሊት መብራት ይኑረው።

ተንሸራተው የእጅ አንጓቸው ወይም ዳሌያቸው የተሰበረ፦ ጀሶው ከተፈታ ወይም ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ "ዳነ" ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ለአጥንቱ መድኃኒት መቼ ይጀመራል? ከአልጋ ወርደው መቆም የሚጀምሩት በስንተኛው ቀን ነው?